ያንኑ ሙዚቃ በሌላ እጅ፦ የባሮክና የክላሲካል ቀረጻዎችን አወዳድሮ ማዳመጥ

የጀርመናዊውን የሙዚቃ ደራሲ የፓኬልቤልን ካኖን በስሙ የማያውቅ የአዲስ አበባ ሰው እንኳ ሰርግ ላይ፣ ሙሽራዋ ስትገባ ሰምቶት ይሆናል። ያ ዝግ ብሎ የሚንሳፈፈው አጨዋወት ዓለምን ያዳረሰው ፈረንሳዊው ዣን ፍራንሷ ፓያር በ1968 ካስቀረጸው ወዲህ ነው፤ ሰባት ደቂቃ ግድም ይፈጃል። ይህንኑ ድርሰት የባሮክ ዘመን (ከ1600 እስከ 1750 ግድም ያለው የአውሮፓ ሙዚቃ ዘመን) መሣሪያ የያዙ ቡድኖች ሲጫወቱት ግን አንዳንዶቹ በሦስት፣ በአራት ደቂቃ ውስጥ ይጨርሱታል። ኖታው ያው ነው። ከሥር ያለው ባስ ስምንቱን ድምፆች 28 ጊዜ ይደጋግማል፤ ሦስቱ ቫዮሊኖች ደግሞ አንዱ ያለውን ሌላው እየተቀበለ ይከተሉታል። በአንደኛው ቀረጻ ሙሽራ ትራመዳለች፣ በሌላኛው ልጆች ሜዳ ላይ ይሯሯጣሉ። (በዚህ ጽሑፍ ያሉት ዓመታት ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

የምኖረው ከአያት አልፎ ወደ ለገጣፎ መውጫ፣ ቤቱ ሳሳ፣ ሜዳው ሰፋ ከሚልበት አካባቢ ነው። እዚህ የኮንሰርት አዳራሽ የለም። ያለን ስልክ፣ ኢርፎንና ረጅም ምሽት ነው፤ ለዚህ ሥራ ደግሞ በቂ ነው። ጆሮውም ቢሆን አለን። ትዝታን ከአንድ ድምፃዊ ብቻ ሰምቶ «ትዝታን አወቅኩት» የሚል ማን ነው? አንዱ ሲጫወተው ያስለቅሳል፣ ሌላው ሲጫወተው ያስተክዛል፤ ስንሰማ የኖርነው ልዩነቱን ነው። ከባሮክ ዘመን ደራሲዎቹ ከባኽና ከቪቫልዲ ጋርም የሚያስፈልገን ይኸው ጆሮ ነው፣ ትንሽ ሥርዓት ብቻ እንጨምርለታለን።

1. አጭር ቁራጭ ምረጡ

በሲምፎኒ አትጀምሩ። ግማሽ ሰዓት የሚፈጅ ነገር ሁለቴ ሰምታችሁ ስታበቁ፣ የመጀመሪያው እንዴት እንደነበር ጆሯችሁ ረስቶታል። ሁለት ወይም ሦስት ደቂቃ የሚወስድ አንድ ክፍል ያዙ። እኔ ለጀማሪ የምመርጣቸው ሦስት ናቸው፦ የባኽ የመጀመሪያው የቼሎ ስዊት መክፈቻ (ቼሎ ወፍራም ድምፅ ያለው ትልቅ የቫዮሊን ዘመድ ነው፤ ስዊት የአጫጭር ክፍሎች ስብስብ)፣ አንዱን መነሻ እየለዋወጠ የሚሄደው የባኽ ጎልድበርግ ቫርዬሽኖች መነሻ የሆነችው አርያ፣ እና ከቪቫልዲ አራቱ ወቅቶች የክረምቱ መሐለኛ ክፍል። ሦስቱም አጭር፣ ሦስቱም በብዙ እጅ የተቀረጹ ናቸው። ልዩነታቸው ያልሠለጠነ ጆሮ ላይ እንኳ ወዲያው ይሰማል።

2. የምትሰሙት ማን እንደሆነ አረጋግጡ

እዚህ ላይ ብዙ ሰው ይሳሳታል። «ለእንቅልፍ»፣ «ለጥናት» እየተባሉ የሚለቀቁት የሰዓታት ቅንብሮች ተጫዋቹን አይናገሩም፤ ለማወዳደር አይሆኑም። የድርሰቱን ስም በላቲን ፊደል ጽፋችሁ ከኋላው የመዝገብ ቁጥሩን ጨምሩበት። የባኽ ሥራዎች ቢ ደብሊው ቪ በሚባል ቁጥር ይታወቃሉ፦ ጎልድበርግ 988 ነው፣ የመጀመሪያው የቼሎ ስዊት 1007። የቪቫልዲ ቁጥር አር ቪ ይባላል፤ ክረምቱ 297 ነው። የሞዛርት ደግሞ በኬ ፊደል ይጀምራል። ከቁጥሩ ቀጥሎ የተጫዋቹን ስም ጻፉ።

ዓመቱን ስታዩ አትቸኩሉ። ሽፋኑ ላይ የሚጻፈው ብዙ ጊዜ ዳግም የታተመበት ዓመት ነው። በ1930ዎቹ የተቀረጸ ሙዚቃ «2011» ተብሎ ታገኙታላችሁ። የተቀረጸበትን ዓመት ካላወቃችሁ፣ ማሽኑ ያደረገውን ተጫዋቹ ያደረገው ይመስላችኋል።

ከዚያ ሁለቱንም ቀረጻ በአንድ ዓይነት ጥራት አውርዱ። በቀጥታ ኢንተርኔት ላይ አታወዳድሩ። ኔትወርኩ ሲደክም አብዛኞቹ መተግበሪያዎች የድምፁን ጥራት ራሳቸው ይቀንሱታል፤ በእኛ አካባቢ ደግሞ ምሽት ላይ ይህ የተለመደ ነው። አንድ ጊዜ አንዱን የሃርፕሲኮርድ (ከፒያኖ በፊት የነበረ ባለ ቁልፍ መሣሪያ) ቀረጻ «ደረቅና ቆርቆሮ ቆርቆሮ የሚል» ብዬ ደብተሬ ላይ ጽፌ፣ ከወር በኋላ አውርጄ ስሰማው ድምፁ ሙሉ ነበር። ያን ቀን የወቀስኩት ተጫዋቹን ነበር፣ ጥፋቱ ግን የመስመሩ ነበር። ስልኩንም ቀድማችሁ ቻርጅ አድርጉ፤ መብራት መሐል ላይ ከሄደ ንጽጽሩ ይቋረጣል።

3. ሰዓቱን ምረጡ፣ ድምፁን አስተካክሉ

ዳር ከተማ ጸጥታ ያለ ይመስላል እንጂ የራሱ ድምፅ አለው። ቀን በየአቅጣጫው ቤት ይሠራል፤ ግራይንደር ይጮኻል፣ ገልባጭ መኪና ይራገፋል። ሌሊት ውሻ ይጮኻል፣ አንዳንዴ ጅብም። በሐምሌና በነሐሴ ዝናቡ ቆርቆሮ ላይ ሲወርድ ለብቻ የሚጫወት ቼሎ ጨርሶ አይሰማም። እኔ የማዳምጠው ከምሽቱ 4 ሰዓት በኋላ ወይም እሑድ ከቅዳሴ መልስ፣ ሠራተኛው ሁሉ ባረፈበት ሰዓት ነው።

ስልኩ ላይ ባስ የሚጨምር ወይም ድምፅ «የሚያሳምር» ቅንብር ካለ አጥፉት። ጥሩ ኢርፎን ከትንሽ ስፒከር ይሻላል፤ ትንሹ ስፒከር የቼሎውን የታችኛውን ድምፅ ይውጠዋል፣ የግራና የቀኙንም ልዩነት ያጠፋዋል።

አሁን ከሁሉ በላይ ወደሚያስፈልገው ደረስን፦ የሁለቱን ቀረጻዎች የድምፅ ከፍታ እኩል አድርጉ። ጆሮ ጥቂት ከፍ ያለውን ሁሌም «የተሻለ» ይለዋል። ይበልጥ ጥርት ያለ፣ ሕይወት ያለው ይመስለዋል፤ ያደረገው ነገር ግን ጮክ ማለት ብቻ ነው። የስልኩ መለኪያ ላይ ቁጥሩ እኩል ስለሆነ ድምፁ እኩል ነው ማለት አይደለም፤ አንዱ ሲቀረጽ ዝቅ ብሎ፣ ሌላው ከፍ ብሎ ተቀርጿል። ያንኑ ቦታ፣ ለምሳሌ ቼሎው ጠንከር የሚልበትን አንድ ድምፅ፣ በሁለቱም እያቀያየራችሁ እኩል እስኪመስላችሁ ድረስ ከፍና ዝቅ አድርጉ። ሁለት ደቂቃ ይወስድባችኋል። ይህን ሳያደርግ «ይሄ ይበልጣል» የሚለኝን ሰው ፍርድ አልቀበልም።

ለሃርፕሲኮርድ አንድ ተጨማሪ ነገር፦ ዝቅ አድርጋችሁ ስሙት። ማይክራፎኑ አፍንጫው ሥር ተደቅኖ ስለሚቀረጽ በቀረጻ የምንሰማው ብዙ ጊዜ ከእውነተኛው ይጮኻል። ዝቅ ሲል ያ የሚያስቸግረው መንቋቋት ይጠፋና ዜማው ይወጣል።

4. መጀመሪያ ዝም ብላችሁ ስሙ፣ ከዚያ አንድ በአንድ ጠይቁ

ሁለቱንም አንድ አንድ ጊዜ ምንም ሳትጽፉ ስሟቸው። ከዚያ ድገሙና በአንድ ዙር አንድ ጥያቄ ብቻ ጠይቁ። ፍጥነትንም፣ ክሩንም፣ የተቀረጸበትን ክፍልም ባንድ ላይ ለመያዝ የሚሞክር ሰው ምንም ሳይዝ ይቀራል።

*ፍጥነት።* ሰዓቱን በማየት ብቻ አትፍረዱ። በባሮክ ሙዚቃ አንድ ክፍል ብዙ ጊዜ ለሁለት ይከፈልና እያንዳንዱ ግማሽ እንዲደገም ምልክት ይደረግበታል። አንዱ ተጫዋች ይደግመዋል፣ ሌላው ያልፈዋል። ጎልድበርግን ሁሉንም እየደገመ የሚጫወት 80 ደቂቃ ሊደርስ ይችላል፤ ሳይደግም የሚጫወተው በ40 ደቂቃ አካባቢ ይጨርሳል። ረዘመ ማለት ዘገየ ማለት አይደለም።

ይህን በቅርብ ለማየት ከግሌን ጉልድ የተሻለ ምሳሌ የለኝም። ካናዳዊው ፒያኒስት ጎልድበርግን በ1955 ኒው ዮርክ ውስጥ ሲቀርጽ ዕድሜው 22 ነበር፤ ሙሉው 38 ደቂቃ ከግማሽ ያህል ይወስዳል። በ1981 ያንኑ ድርሰት እንደገና ቀረጸው፤ 51 ደቂቃ ሆነ። በቀጣዩ ዓመት ኦክቶበር ላይ አረፈ። የሁለተኛው ርዝመት ከፊሉ የመጣው የተወሰኑ ክፍሎችን ስለደገመ ነው፤ ስለዚህ ጠቅላላውን ትታችሁ አርያዋን ብቻ ያዙ፣ በሁለቱም ሳትደገም ነው የተጫወታት። በ1955 አንድ ደቂቃ ከ53 ሰከንድ፣ በ1981 ሦስት ደቂቃ ከ5 ሰከንድ።

የመጀመሪያዎቹን ሁለት ድምፆች ብቻ ስሙ። ቀኝ እጅ ሶል የምትባለዋን ድምፅ ሁለቴ ይነካታል። ወጣቱ ጉልድ ሁለተኛዋን ቦታዋ ላይ ያሳርፋትና ይቀጥላል፤ ዜማው መንገድ እንደሚያውቅ ሰው ይሄዳል። የኋለኛው ጉልድ የመጀመሪያዋን ነክቶ ይጠብቃል። ድምፁ እየሳሳ ሲሄድ ትሰማላችሁ፣ ሁለተኛዋ የምትመጣው ልታልቅ ስትል ነው። ከፒያኖው ሥር ደግሞ እሱ ራሱ ዝቅ ብሎ ሲያንጎራጉር ይሰማል። ሰውየው አንድ፣ ድርሰቱ አንድ፣ ፒያኖ በፒያኖ፤ በመሐላቸው 26 ዓመት አለ። ይህቺን አርያ በሁለቱ ቀረጻ ደጋግሜ ሰምቼ አንዱን መምረጥ አልቻልኩም፣ አሁን መምረጡንም ትቼዋለሁ።

*መሣሪያ።* ባኽ ጎልድበርግን በ1741 ሲያሳትመው ሁለት ረድፍ የጣት ቁልፍ ላለው ሃርፕሲኮርድ ብሎ ነው። ሃርፕሲኮርድ ክሩን ቆንጥሮ ነው ድምፅ የሚያወጣው፣ እንደ ክራር፤ ጣት ጠነከረ አልጠነከረ የድምፁ ከፍታ እምብዛም አይለወጥም። ፒያኖ በመዶሻ ስለሚመታ ከፍም ዝቅም ይላል። ስለዚህ ሃርፕሲኮርድ ስትሰሙ «ስሜት የለውም» ከማለታችሁ በፊት ስሜቱን በሌላ ቦታ ፈልጉት፤ ተጫዋቹ አንዷን ድምፅ ለቅጽበት በማዘግየት፣ ሌላዋን በማሳጠር ነው የሚናገረው። ቫንዳ ላንዶፍስካ በ1933 በሃርፕሲኮርድ የቀረጸችው፣ ትሬቨር ፒኖክ በ1980 የቀረጸው፣ ከዚያ የጉልድ፣ በዚህ ቅደም ተከተል ብትሰሟቸው መሣሪያው ምን እንደሚያደርግ በአንድ ምሽት ይገባችኋል።

*ቅኝት።* ዛሬ ኦርኬስትራዎች በአብዛኛው «ላ» የምትባለዋን ድምፅ በሰከንድ 440 ንዝረት ወይም በዚያ አካባቢ ይቃኟታል። የባሮክ ተጫዋቾች ብዙዎቹ 415 ላይ ያደርጓታል፣ ግማሽ ድምፅ ያህል ዝቅ ማለት ነው። ስልካችሁ ላይ ነፃ የመቃኛ መተግበሪያ ጫኑ። የቼሎው ስዊት መክፈቻም የጎልድበርግ አርያም የሚጀምሩት በሶል ነው። መተግበሪያው ሶልን ካሳያችሁ ተጫዋቹ በዛሬው ቅኝት ነው፤ ከሶል በግማሽ ድምፅ የወረደውን ካሳያችሁ በ415 ነው። ለልጆች ማሳየትም ደስ ይላል።

*ክር።* ይህን ያስተማሩኝ ጎረቤቴ ናቸው። ከግቢያችን ጀርባ የሚኖሩ የዜማ መምህር አሉ፣ ሰፈሩ የኔታ ይላቸዋል። አንድ የጾም ምሽት ሻይ ልንጠጣ ተቀምጠን የባኽን የመጀመሪያ ቼሎ ስዊት ከሁለት ሰው አሰማኋቸው። አንደኛው ምስቲስላቭ ሮስትሮፖቪች በ1991 ፈረንሳይ አገር ቬዝሌ በሚገኝ ትልቅ ጥንታዊ ቤተ ክርስቲያን ውስጥ የቀረጸው ነው። ሁለተኛው ሆላንዳዊው አነር ባይልስማ በ1979 በባሮክ ቼሎ የቀረጸው። የኔታ ዓይናቸውን ጨፍነው ሁለተኛውን ጥቂት እንደሰሙ፣

«ይሄኛው ጅማት ነው» አሉ።

«እንዴት አወቁ የኔታ?»

«በገና አልሰማህም እንዴ?»

እውነታቸውን ነው። የድሮ የቫዮሊንና የቼሎ ክር የሚሠራው እንደ በገናችን ክር ከበግ አንጀት ነው። የብረት ክር ድምፅ ልስልስ ብሎ፣ ጠርቶ፣ ሳይቋረጥ ይሄዳል። የአንጀት ክር ሲነሳ ትንሽ ይሻክራል፣ አየር ያለበት ይመስላል፣ ቶሎም ይከስማል። በገናን የምትወዱ ከሆነ ይህ መሻከር እንከን አይመስላችሁም።

ቀጥለው፣ «ሁለቱም የሚያዩት ምልክት አንድ ነው?» ብለው ጠየቁኝ።

«አዎ፣ አንድ ነው።»

«እንግዲያው ቤታቸው ይለያያል።»

ከዚህ የተሻለ ገለጻ አላገኘሁም። ድጓው አንድ ሆኖ የቤተልሔም፣ የቆማ፣ የአጫብር፣ የተጉለት ዜማ እንደሚባለው፣ ባኽም ቤት ቤት አለው። ከጥንታዊ መሣሪያና ከዘመኑ መጻሕፍት ተነስቶ የሚጫወተው አንድ ቤት ነው፤ በዘመናዊ ፒያኖና በትልቅ ኦርኬስትራ የሚጫወተው ሌላ ቤት። የአንዱን ቤት ዜማ በሌላው ቤት ሥርዓት «ተሳስቷል» አይሉትም። መጀመሪያ የማን ቤት እንደሆነ ይጠይቃሉ፣ ከዚያ በቤቱ ሥርዓት ምን ያህል እንደተዋጣለት ይሰማሉ።

*ጌጥ።* የዜማ ተማሪ ርክርክን ሲያይ ድምፁን እንደሚያንቀጠቅጠው፣ የባሮክ ተጫዋችም ከኖታው በላይ የተቀመጠች ትንሽ ምልክት አይቶ ድምፁን ይጠመዝዘዋል። ብዙ ቦታ ደግሞ ምልክትም የለም፣ ራሱ ይጨምራል። ሲደግም የሚጨምረውን ስሙ፤ የመጀመሪያው ዙር ላይ እንዳለ ተጫውቶ ሁለተኛው ላይ የሚያስጌጥ ተጫዋች ምን ያህል እንደሚያስብበት ይታወቃል።

*የተቀረጸበት ክፍል።* ማስተጋባቱን ልብ በሉ። በትልቅ ቤተ ክርስቲያን የተቀረጸ ቼሎ ድምፁ ካለቀ በኋላም ግድግዳው ላይ ይቆያል፣ ለተጫዋቹ ግርማ ያበድረዋል። በስቱዲዮ የተቀረጸው ራቁቱን ነው።

5. የድሮዎቹን አትዝለሉ

እስከ 1925 ድረስ የሚቀረጸው በኤሌክትሪክ ማይክራፎን አልነበረም፤ ተጫዋቾቹ ትልቅ ቀንድ መሳይ ነገር ፊት ተጠጋግተው ይጫወቱ ነበር። የኦርኬስትራ መሪው አርቱር ኒኪሽ ከበርሊን ፊልሃርሞኒክ ጋር በ1913 የቀረጸው የቤትሆቨን አምስተኛ ሲምፎኒ እንዲህ የተሠራ ነው። የሸክላውም አንዱ ገጽ ከአራት ደቂቃ ብዙም አይዘልም ነበር። የቼሎ ተጫዋቹ ፓብሎ ካሳልስ ስድስቱን የባኽ ቼሎ ስዊቶች ከ1936 እስከ 1939 ሲቀርጽም በሸክላ ዘመን ነው። የሸክላውን የመንኮሻኮሽ ድምፅ የመጀመሪያውን አንድ ደቂቃ ታገሡት፤ ጆሮ ራሱ ያጣራዋል፣ ቆርቆሮ ላይ የሚወርድ ካፊያን ረስተን እንደምናወራው።

6. ከዚያ ወደ ሲምፎኒ

ጆሯችሁ ከለመደ በኋላ በ1808 ቪየና ላይ ለመጀመሪያ ጊዜ ወደተሰማው የቤትሆቨን አምስተኛ ሂዱ፤ ግን አሁንም በመክፈቻው ብቻ ጀምሩ። ሦስት አጭር፣ አንድ ረጅም፤ እንደገና ሦስት አጭር፣ አንድ ረጅም። ሁለቱም ረጃጅም ድምፆች ላይ «ያዘው» የሚል ምልክት አለ፣ ሁለተኛው ደግሞ ከመጀመሪያው እንዲረዝም ተደርጎ ነው የተጻፈው። ስንቱ መሪ ይህን ልዩነት እንደሚያሰማ፣ ስንቱ እኩል አድርጎ እንደሚያልፈው ቁጠሩ። ቤትሆቨን ኋላ ላይ ለዚህ ክፍል በደቂቃ 108 የሚል የሜትሮኖም (የፍጥነት መለኪያ) ቁጥር ሰጥቶታል፤ ፈጣን ነው። ካርሎስ ክላይበር ከቪየና ፊልሃርሞኒክ ጋር በ1974 ያስቀረጸውን፣ ከዚያ ጆን ኤልየት ጋርዲነር በቤትሆቨን ዘመን መሣሪያዎች ያስቀረጸውን፣ ከእነሱ ጋር የኒኪሽን አስቀምጡ። ነፃ የሜትሮኖም መተግበሪያ 108 ላይ አድርጋችሁ ማን እንደሚጠጋው ሞክሩ።

7. ስሙን ሳታውቁ ስሙ

መጀመሪያ የሰማነው ቀረጻ ቤታችን ይሆናል፣ ሌላው ሁሉ እንግዳ። የቪቫልዲን ክረምት መጀመሪያ ያገኘሁት ጓደኛዬ በፍላሽ ከሰጠኝ፣ ተጫዋቹ ካልተጻፈበት ፋይል ነው። ለዓመታት ከዚያ የፈጠነውን ሁሉ «ችኩል» እያልኩ አልፌዋለሁ። ያዳነኝ ባለቤቴ ያደረገችው ነገር ነው፦ ስልኩን ወሰደችና አምስት ቀረጻ እያፈራረቀች ስሙን ሳትነግረኝ አሰማችኝ። የመረጥኩት እስከዚያ ቀን ችኩል የምለውን ሆነ።

ቤታችሁ ያለ ሰው ይህን ያድርግላችሁ። ብቻችሁን ከሆናችሁ ቢያንስ ቅደም ተከተሉን ገልብጡ፤ ዛሬ ሀ፣ ለ ብላችሁ ከሰማችሁ ነገ ለ፣ ሀ ብላችሁ ስሙ። ሦስት ቀን ክፍተት ሰጥታችሁ ብትደግሙት ደግሞ ይሻላል።

ደብተር ያዙ። ቀኑን፣ ድርሰቱን፣ ተጫዋቹን፣ የተቀረጸበትን ዓመት፣ መሣሪያውን፣ ርዝመቱን፣ ደገመ አልደገመ የሚለውን ጻፉ። «ቆንጆ» ብላችሁ አትጻፉ፤ ከዓመት በኋላ ምንም አይነግራችሁም። «በ0፡48 ላይ ትንፋሽ እንደሚወስድ ሰው ቆመ» ብላችሁ ጻፉ፣ ተመልሳችሁ ታገኙታላችሁ። ከቻላችሁ ደግሞ በዓመት አንዴም ቢሆን እውነተኛ ቼሎ ወይም ቫዮሊን በቅርብ ስሙ፤ የያሬድ ሙዚቃ ትምህርት ቤት ተማሪዎች የሚያቀርቡት ዝግጅት ካጋጠማችሁ ከዳር እስከ መሐል ከተማ ሁለት ታክሲ መያዙ የሚያስቆጭ አይደለም። ያን ድምፅ ያልሰማ ጆሮ ቀረጻን የሚለካበት ነገር የለውም።

8. የክረምቱ ላርጎ (ቀርፋፋው ክፍል)

በ1725 አምስተርዳም ውስጥ የታተሙት አራቱ ወቅቶች እያንዳንዳቸው ግጥም አላቸው። የክረምቱ መሐለኛ ክፍል ግጥም የሚናገረው ውጭ ዝናብ ሰውን ሲያበሰብስ ቤት ውስጥ እሳት ዳር ስለመቀመጥ ነው። አንድ ቫዮሊን ዜማውን ይዞ ይሄዳል፣ ሌሎቹ ክሩን በጣት እየቆነጠሩ ጠብታውን ያሰማሉ። የቪቫልዲ ክረምት በረዶና የጥርስ መንገጫገጭ ያለበት ነው፤ ይህቺ ክፍል ግን የእኛ ክረምት ናት።

አንዳንዶች ከሁለት ደቂቃ በላይ ይሰጧታል፦ እሳቱ ዳር ያለው ሰው እንቅልፍ ሊወስደው ነው፣ ጠብታውም አንድ በአንድ ይወርዳል። ሌሎች በአንድ ደቂቃ ከጥቂት ሰከንድ ያልፏታል፤ ያን ጊዜ ከውጭ ያለው ዶፍ ነው፣ ቫዮሊኑም እየዘመረበት ነው። ከጣሊያን ቡድኖች ኢ ሙዚቺ በ1950ዎቹ የቀረጹትን በአንድ ወገን፣ ኢል ጃርዲኖ አርሞኒኮ የቀረጹትን በሌላ ወገን አድርጋችሁ ሞክሩ።

እኔ ይህቺን የምሰማው ሰኔ መጨረሻ ላይ፣ ከሰዓት በኋላ ሰማዩ ወደ እንጦጦ በኩል ሲጠቁር ነው። ቆርቆሮው ላይ የመጀመሪያዎቹ ጠብታዎች እስኪወርዱ ድረስ አሥር ደቂቃ ያህል አለኝ። በዚያ ጊዜ ቀርፋፋውን አንዴ፣ ፈጣኑን ሁለቴ እሰማለሁ። ዝናቡ ሲጠናከር ኢርፎኑን አወጣለሁ፤ ባለቤቴ ከሰሉን አያይዛ ጀበናውን ጥዳለች።